የረቡዕ ውሃ

ዙንደል ብሬገር ልጅ ሳለ ሊትዌኒያ ውስጥ በአንድ ባላባት የፖም እርሻ መካከል በሣር ጎጆ ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን በሩሲያው ንጉሥ ሕግ አይሁዳዊ በገጠር መሬት መግዛት አይችልም። ስለዚህ አባቱ ዛፎቹ ሲያብቡ የአንድ በጋ ፍሬ ከባላባቱ ይኮናተራል። ቤተሰቡም ጎጆ ቀልሶ ፖሙን ከወፍና ከሌባ ሲጠብቅ ይከርምና ሲበስል ለቅሞ ገበያ ያወርዳል። መሬቱ የሌላ፣ ዛፉ የሌላ፣ የእነሱ ጥበቃው ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ፖሙ ቅርንጫፍ እስኪሰብር ድረስ ያዘ። ሊለቀም ጥቂት ሲቀረው የባላባቱ አሽከር ከወታደር ጋር መጣና አይሁዶች ከገጠር ይውጡ የሚል ትእዛዝ መድረሱን ነገራቸው። አባትየው የተዋዋሉትን አነሣ። አሽከሩ ሳቀ። "የተዋዋላችሁት ለበጋ ነው፤ ይኸው በጋው አለቀ" አለው።

በዝናብ ወጡ። መንገድ ላይ ተስቦ ያዛቸው። አባቱ በአንድ የመንገደኛ ማረፊያ በረት ውስጥ ሞተ፤ ታናሽ እኅቱም ተከተለችው። ዙንደል እናቱን በእጅ ጋሪ እየገፋ ከተማ ደረሰና ያን ክረምት ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ሙቀቱ ያልወጣ አመድ ላይ እየተኛ ተረፈ። ይህን ሲያወራኝ አንድም ቀን ዓይኑ እንባ አላቀረረም። የሚቆጨው ሌላ ነበር። "ፖሙን ማን እንደለቀመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም" ይል ነበር።

እናቱ ከሞተች በኋላ መርከብ ተሳፍሮ ወደ እኛ ዘንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ትንሹ ካሩ ወደሚባለው ደረቅ አገር መጣ። የአውሮፓ እመቤቶች ባርኔጣቸው ላይ የሰጎን ላባ ሳይሰኩ ከቤት የማይወጡበት ዘመን ነበር። ሰጎን የሚያረቡት ቦሮቹ፣ ማለት ከደች የተወለዱት ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ላባውን ከእርሻ እርሻ እየዞርን የምንገዛው እኛ ከሊትዌኒያ የመጣነው ነበርን። ዙንደልን በሠረገላው ላይ አሳፍሮ ሥራውን ያስተማረው የአገሩ ልጅ ረብ ጌትዘል ነው፤ ረብ በእኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው። ረብ ጌትዘል ዝግ ያለ ሰው ነበር። በቅሎዎቹ እንኳ እሱን አይተው ነበር መሰለኝ ዳገት ላይ ቆመው ያስባሉ።

"አንተ ልጅ፣ ብላ እንጂ" ይለዋል፣ የተቀቀለ እንቁላልና በጨው የታሸ ዓሣ እያቀረበለት። "ላባ በባዶ ሆድ አይገዛም።"

"የዚህ ሰውዬ መሬት ከየት እስከ የት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ላባውን ነው የማየው።"

"እኔ ግን ከላባው በታች ያለውን ነው የማየው።"

"ከላባው በታች ሰጎኗ ናት፣ ሞኝ።"

"ከሰጎኗም በታች፣ ረብ ጌትዘል።"

ዙንደል ብዙም ሳይቆይ የራሱን ሠረገላ ገዛ። ከዚያ በኋላ ማናችንም እንቅልፍ አልነበረንም። እኛ በጾም ቀን ምኩራብ ስንውል እሱ መንገድ ላይ ነው። አንዳችን ስንታመም እሱ የታመመው ሰው ደንበኛ ደጃፍ ላይ ነው። ቦሮቹ መጽሐፍ ቅዱስ ወዳጆች ናቸውና አይሁዳዊ ሲመጣባቸው ስለ አባቶቻችን መጠየቅ ይወዳሉ። የዮሴፍን ታሪክ እንደ ዙንደል አድርጎ የሚተርክ አልነበረም። ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት ላይ ይደርስና ድንገት ተነሥቶ ፈረሱን ይጭናል። "የቀረውን ላባ የምትነቅሉ ጊዜ መጥቼ እነግራችኋለሁ" ይላል። የቤቱ እመቤት ታሪኩ እስኪያልቅ ላባውን ለሌላ አታስሸጥም። በሸለቆው ስንት ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ እንደከረመ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ያገኘውን አይበላውም፣ አይለብሰውም። ኮቱ የመጣበት ኮት ነበር። "ለምንድን ነው የምታስቀምጠው?" ስንለው "ለመሬት" ይላል። ሌላ መልስ አልነበረውም።

ረብ ጌትዘልም በእርጅናው አንድ መሬት ተመኝቶ ነበር። ስካልክ የሚባል ቦር ከወንዙ አጠገብ ጥቁር አፈር ያለው ማሳ ነበረው። የሰጎን መኖ የሆነውን አልፋልፋ ቢዘሩበት ሰጎኖች እስከ አንገታቸው የሚዋኙበት መሬት ነው። ረብ ጌትዘል ይህን ማሳ ለመግዛት ከዓመት በላይ ተመላለሰ። እኛ እንስቅበት ነበር። "ስካልክን ልትገዛው ነው ወይስ ልታገባው?" እንለዋለን። እሱ ግን አይቸኩልም። "አንዲት ነገር ቀርታለች" ይላል። በመጨረሻ ተጨባበጡ። ወደ ዳኛው ጽሕፈት ቤት ሄደው ስም የሚያዛውሩበትን ቀን ቀጠሩ።

ቀጠሮው ሳይደርስ የረብ ጌትዘል ሚስት ድቮሼ ሞተች።

በእኛ ዘንድ የሞተበት ሰው ሰባት ቀን መሬት ላይ ወይም አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጫማ አያደርግም፣ ከደጅ አይወጣም፣ አይነግድም። ለጸሎት ዐሥር ወንዶች ያስፈልጋሉና ጠዋትና ማታ እኛ ወደ እሱ እንሄዳለን። እኔም ነበርኩ፤ ዙንደልም ነበር። ከሁላችንም ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሜን" የሚለው እሱ ነበር።

አንድ ጠዋት ጸሎት ሲያልቅ ረብ ጌትዘል ጠራው።

"ዙንደል ልጄ፣ ፈረስህ ፈጣን ነው። ስካልክ ዘንድ ድረስልኝና ሐዘን ላይ ነው፣ እስኪነሣ ጠብቀው በልልኝ። ይቺን እንኳ መናገር አልነበረብኝም፣ ድቮሼ ይቅር ትበለኝ።"

"ይቺ ምን አላት፣ ረብ ጌትዘል። አሁኑኑ እሄዳለሁ" አለና ሄደ።

እዚያ የተባለውን ስካልክ ራሱ በኋላ ነገረኝ። ዙንደል ባርኔጣውን አውልቆ ገባና በቦሮቹ የአክብሮት አጠራር አነጋገረው።

"አጎት ስካልክ፣ ረብ ጌትዘል ሚስታቸው ሞታባቸው ሐዘን ላይ ናቸው።"

"እግዚአብሔር ያጽናቸው። እና?"

"እና በቀጠሮው ቀን አይመጡም።"

በዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ዙንደል በዚህ ሁልጊዜ ይኮራ ነበር።

ስካልክ ተከዘ። ሌላ እርሻ ለመግዛት ገንዘቡ በዚያ ሳምንት ያስፈልገው ነበር። ዙንደል መተከዙን አየ። "እኔ ይዣለሁ" አለው። "እሳቸው ሊሰጡ ካሰቡት ትንሽ ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ። ዛሬውኑ ዳኛው ዘንድ እንሂድ።"

"ጌትዘል ምን ይለኛል?"

"ለእሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ብቻ ማሳው ውሃ አለው?"

"በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን። ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ።"

"ሙሉ ቀን! እንሂድ በቃ።"

ስካልክ ሲነግረኝ አንድ ነገር ብቻ እንደገረመው ነበር የሚናገረው። "ጌትዘል መጀመሪያ የጠየቀኝን ነገር ይሄኛው ሳይጠይቀኝ ቀረ። የሁለቱ ሃይማኖት ለየቅል ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ" ይላል።

በማግሥቱ ጠዋት ዙንደል ከዐሥሩ አንዱ ሆኖ ሐዘን ቤት ተገኘ።

"አገኘኸው?" አለው ረብ ጌትዘል።

"አገኘሁት።"

"ምን አለ?"

"እግዚአብሔር ያጽናቸው አለ።"

ወሬው ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰባቱ ቀን አልቆ ረብ ጌትዘል ምኩራብ በመጣበት ቅዳሜ ዙንደል የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለመሬት ስለሆነ ኦሪት ሲነበብ ቀርቦ የመባረክን ክብር ጠይቆ ተፈቅዶለታል። የኦሪቱ ጥቅልል ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። በዚህ ጊዜ የረብ ጌትዘል ልጅ ሚርከ ከሴቶቹ ሰገነት ደረጃውን ወርዳ በወንዶቹ መካከል አለፈችና መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

"ዛሬ ኦሪት አይነበብም።"

ከአያቶቻችን የመጣ ልማድ ነው። የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ካጣ ንባቡን ያስቆማል፤ በዳዩ መልስ እስኪሰጥ ማንም ፊደል አያነብም። እኔ ይህን በአገሬ ልጅ ሳለሁ አይቼ ነበር። በዚህ አገር ግን የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም በሴት።

የምኩራቡ አስተዳዳሪ ሥጋ ሻጩ ኖተ ነበር። "ልጄ፣ ምን ነካሽ? ሰንበት እኮ ነው!" አላት።

"እናቴ ስትሞት ሰንበት አልነበረም። ያን ጊዜ ምን ተደረገ?"

"እሑድ እንነጋገራለን።"

"እሑድ ሁላችሁም ገበያ ናችሁ። ዛሬ ግን ርቧችኋል፤ ትሰሙኛላችሁ።"

እውነቷን ነው። በእኛ ቤት ከዓርብ ጀምሮ ምድጃ ውስጥ የሚያድር የባቄላና የሥጋ ወጥ አለ። በሰዓቱ ካልወጣ ጫማ ይሆናል። ሰው ሁሉ ወጡን ማሰብ ጀመረ።

"ዙንደል፣ እባክህ የሆነ ነገር በልና እንሂድ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ወጡ ደረቀ!"

"ያንተ ሚስት ወጥ ቢደርቅ ይሻለዋል" አለው ጎረቤቱ።

ዙንደል ተነሣ። ፊቱ አልቀላም። "ሰርቄያለሁ? ሻጩ ሸጠ፣ እኔ ገዛሁ፣ ዳኛው ፈረመ። የት ላይ ነው ጥፋቴ?"

"ማን ነበር የላከህ?" አለችው ሚርከ።

"አባትሽ።"

"ምን በል ብሎ?"

ዙንደል ፊቱን ወደ ኦሪቱ መለሰ። ኖተ የተቀመጠበትን ወንበር በመዳፉ መታ። "ተናገር እንጂ! ምን በል ብሎ?"

"ጠብቀኝ በልልኝ ብለው።"

ያን ጊዜ ሽማግሌው ረቢያችን ከመቀመጫቸው ሆነው "ነገ እኔ ቤት ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። ዙንደል፣ ትመጣለህ?" አሉ። ዙንደል እሺ አለ። ሚርከ እጇን አነሣች። ኦሪቱ ተነበበ፤ ዙንደልም ተራው ሲደርስ ወጥቶ ባረከ። ያ ክብር እንዳይቀርበት ብሎ ነው እሺ ያለው የሚሉ አሉ።

በማግሥቱ የረቢው ቤት እስከ ኩሽናው ድረስ ሰው ሞላበት። ረቢው ሁለቱንም ሰሙ፤ መጽሐፍ ገልጠው ዘጉ።

"ሕጋችን እንዲህ ይላል። ሰው ልኮት ሄዶ ለራሱ የገዛ፣ የገዛው የራሱ ነው። ሽያጩ አይፈርስም። ስሙ ግን አታላይ ይባላል። ይኸው ነው።"

"ሌላስ?" አለ ዙንደል።

"ሌላ የለም። መሬቱም ያንተ፣ ስሙም ያንተ።"

ዙንደል የረቢውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገናቸው። ከዚህ በፊት ተፈርዶበት እንዲህ ደስ ያለው ሰው አላየሁም። በሩ ላይ ሲደርስ ረብ ጌትዘል ከተቀመጠበት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

"የውሃውን ነገር ተነጋገራችሁ?"

"በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን!"

"እንግዲያስ መልካም" አለ ረብ ጌትዘል።

ዙንደል ማሳውን በራሱ እጅ አረሰ። አልፋልፋውን ዘርቶ የቦዩን ጠባቂ ፍሎሪስን ጠበቀው። ፍሎሪስ የሸለቆውን ውሃ ለየባለመሬቱ በተራ የሚያደርስ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር።

"ጌታዬ፣ ያንተ ተራ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ።"

ዙንደል የያዘውን መቆፈሪያ ጣለው። "ይሄማ ሰንበት ነው!"

"የእናንተ ሰንበት፣ አዎ። የቀድሞው ባለቤት ሰንበቱ እሑድ ስለነበር ተስማምቶት ኖሯል።"

"ሌላ ቀን ስጠኝ። ሰኞ።"

"ሰኞ ሰው ይዞታል።"

"ማክሰኞ፣ ኀሙስ..."

"ሁሉም ተይዟል።"

"እሑድስ?"

"እሑድማ ውሃውም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል" አለው። የእሑዱ ውሃ በሸለቆው ያለው የክርስቲያን ሚስዮን ድርሻ ነበር።

እዚህ ላይ ዙንደል የማያውቀውን የራሱን ጠባይ አገኘ። በሐዘንተኛ ላይ ያን ያህል ሲደፍር አላመነታም። ቅዳሜ ግን የሰንበት ልብሱን ለብሶ ከምኩራብ ወደ ማሳው በእግሩ ሄደ፤ ቦዩ አፍ ላይ ቆመ፤ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ ለማንሣት አጎነበሰ፤ እጁ አልታዘዘውም። አባቱ በበረት ውስጥ እየሞተ እንኳ ቀኑ ሰንበት ነውና እሳት አታንድዱ ብሎ ነበር። ውሃው በፊቱ አልፎ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ወረደ። አይሁዳዊ ያልሆነ ቅጥረኛ ይክፈትልኝ ብሎ ረቢውን አስጠየቀ። "በገዛ ማሳህ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሰንበት ሥራ አይሠራም" የሚል መልስ መጣለት።

አልፋልፋው ቢጫ ሆነ። ካሩ ውስጥ ውሃ የሌለው መሬት ጠጠር ነው። ዙንደል ያለውን ሁሉ፣ የተበደረውንም ጭምር እዚያ ላይ አፍስሷል። ወደ ስካልክ ሮጠ።

"አጎት ስካልክ፣ ቀኑን ለምን አልነገርከኝም?"

"ለምን አልጠየቅኸኝም? ጌትዘል መጀመሪያ የጠየቀኝ የውሃውን ቀን ነው። ከላይኛው እርሻዬ የረቡዕን ውሃ እንድለቅለት ነበር ዓመት ሙሉ የተመላለሰው። ውሃ ላልወደድኩት ሰው አልሰጥም። እሱ ግማሹን ዓመት ስለ ወገቤ ሕመም ብቻ ነበር የጠየቀኝ።"

"የረቡዑን ለእኔ ስጠኝ። የፈለግኸውን ልክፈል።"

"ስምህን ከተማ ሰምቻለሁ" አለው ስካልክ። "ጌትዘል ይምጣ።"

ዙንደል ረብ ጌትዘል ደጃፍ ላይ ሲቆም በሩን የከፈተችው ሚርከ ነበረች።

"አባቴ፣ ባለመሬቱ መጥቷል።"

"ግባ" አለ ረብ ጌትዘል። "አልፋልፋው እንዴት ነው?"

"ያውቁ ኖሯል! ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠየቅሁህ እኮ። ሙሉ ቀን አልከኝ፤ መልካም አልኩህ።"

ዙንደል ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ለመነ። ረብ ጌትዘል ባርኔጣውን ፈለገ።

"እሺ፣ ሄጄ እነግርልሃለሁ።"

"አባቴ!" አለች ሚርከ።

"ልጁ ልኮኛል፤ እሄዳለሁ።"

ዙንደል ያን ቀን በሙሉ ከስካልክ አጥር ውጭ ተቀምጦ ዋለ። ሰውን ልኮ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ረብ ጌትዘል አይቸኩልም፤ ውስጥ ስለ ወገብ ሕመም ይጫወታሉ። ሊመሽ ሲል ወጣ።

"ሰጠ?"

"ሰጠ።"

"ለእኔ?"

"ለእኔ።"

ዙንደል አጥሩን ይዞ ተነሣ።

"ላንተ እንዲሰጥህ ከልቤ ጠየቅሁት" አለ ረብ ጌትዘል። "ለዚያ ልጅ ጠብታ አልሰጥም አለ። እንግዲያስ ለእኔ ይሁን አልኩት።"

"ይሄማ ዘረፋ ነው!"

"ረቢው ዘንድ እንሂድ?"

አልሄዱም። መሬቱ የዙንደል፣ ውሃው የረብ ጌትዘል ሆኖ ምርቱን እኩል ተካፈሉ። ረብ ጌትዘል በየረቡዑ በበቅሎ እየመጣ ቦዩ ዳር ይቀመጣል፤ ዙንደል ከሰዓቱ አስቀድሞ እንዳይከፍት ይጠብቃል። ዙንደልም አጠገቡ ይቀመጣል፤ ረብ ጌትዘል ከሰዓቱ አስቀድሞ እንዳይዘጋ ይጠብቃል። ስድብ አያጡም። አንዱ ዳቦ ያመጣል፣ አንዱ ዓሣ።

ኋላ ጦርነት መጣ፤ እመቤቶቹም አውቶሞቢል ላይ ሲወጡ ነፋሱ ባርኔጣቸውን አላስቀምጥ አላቸውና ላባው ቀረ። በላባ ገንዘብ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት የሠሩ ሁሉ ቁልፋቸውን ትተው ሄዱ። የዙንደል አልፋልፋ ግን ለላም ሆነ። ሚርከ ፖርት ኤልዛቤት ከተማ የሚኖር መድኃኒት ሻጭ አገባች፤ ደግ አደረገች። ረብ ጌትዘል ሲሞት የረቡዕን ውሃ ለእሷ ተናዘዘ። ዙንደል እስከ ዛሬ ለመድኃኒት ሻጩ ያካፍላል። ሚስት ሳያገባ አረጀ፤ በሸለቆው የሚያህለው ባለመሬት ግን የለም፤ አታላዩ ዙንደል ሲሉት ዞር ብሎ አቤት ይላል።

ባለፈው ረቡዕ ቦዩ ዳር አገኘሁት። በዕድሜህ ሁሉ ከያዝከው ዋናው የቱ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሳንቃውን አንሥቶ ውሃው ሲገባ አየና እንዲህ አለኝ፦

"መሬቱ ልልህ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምለው። ግን ያ ሽማግሌ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። አምኖኝ አልነበረም፤ እንዳልሰርቀው ነበር የሚመጣው። ቢሆንም ይመጣ ነበር፤ ዳቦውንም ይቆርስልኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እኔን ለመጠበቅ እንኳ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ዋናው ረቡዕ ነበር። ይህን ለሚርከ ባል እንዳትነግረው፤ ዋጋ ይጨምርብኛል።"